ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና የተማሪዎች ቴአትር

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በ1887 ዓ.ም. በጎጃም ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት፣ ይልቁንም ቅኔን፣ የቅኔ መምህራን መናኸሪያ በሆነችው በደብረ ኤልያስ ተምረው ተመረቁ። ቀኝ ጌታ የሚለው ማዕርግ በማኅሌት ጊዜ በቀኝ በኩል ለሚቆሙት መዘምራን አለቃ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ኋላ በትምህርት ቤት አዳራሽ ልጆችን አሰልፎ ማዘመር ለእኒህ ሰው እንግዳ ሥራ አልነበረም፤ መሠረቱን ከአገራቸው ይዘውት መጥተዋል።

ወደ አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ በ1900 ዓ.ም. በተቋቋመው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተማሩ፤ ከዚያም የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኑ። በዚያን ዘመን ቴአትር በአገራችን ገና ሥር ያልሰደደ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ያቀረቡት ፋቡላ ሹማምንቱን በአውሬ ተረት እየመሰለ የሚነቅፍ በመሆኑ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ተከልክሎ ቆየ። ከዚህም በላይ በሕዝቡ ዘንድ በሰው ፊት መዝፈንና ራስን ሌላ አስመስሎ ማሳየት የአዝማሪ ሥራ ነው ተብሎ ይናቅ ነበር። ልጁን ቀለም እንዲቈጥርለት የሰደደ ወላጅ ዘፋኝ ሆኖ ሲመለስለት ምን እንደሚሰማው ማሰብ አያዳግትም።

ለዚህ ጥርጣሬ ዮፍታሔ በክርክር ሳይሆን በሥራ መለሱ። ከቴአትሮቻቸው አንዱን ጥቅም ያለበት ጨዋታ ብለው መሰየማቸው ራሱ መልስ ነው፤ ጨዋታው ልብን ደስ እያሰኘ ትምህርት ካስተላለፈ የሚናቅበት ምክንያት የለምና። ምስክርና የሆድ አምላኩ ቅጣት የተባሉትም ሥራዎቻቸው ጠባይን ለማረም የተጻፉ ናቸው። የቅኔ መምህር በግጥም የጻፈውንና በመዝሙር ያጀበውን ነገር የዋዛ ሥራ ነው ብሎ መናቅ ቀላል አልነበረም።

የሠለጠነ ተዋናይ በአገሩ ስላልነበረ ተዋናዮቹ ተማሪዎቹ ሆኑ። የሴቶቹንም ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። የሙዚቃውን ነገር በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ከመጡት አርባ አርመናውያን ልጆች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የገቡት የሙዚቃ መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን ያግዟቸው ነበር። በ1923 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በዓል የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማውን የደረሱት ናልባንዲያን ሲሆኑ፣ ግጥሙ በዮፍታሔ ስም ይነሣል። አንዱ በያሬድ ዜማ፣ ሌላው በውጭ አገር የሙዚቃ መሣሪያ ያደጉ ሁለት መምህራን በአንድ ሥራ መገናኘታቸው ለተማሪዎቹ ትልቅ ዕድል ነበረ።

በ1927 ዓ.ም. የጦርነቱ ደመና ሲከብድ የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ ሕዝቡም በአደባባይ እየተሰበሰበ ንግግርና መዝሙር ይሰማ ጀመር። ዮፍታሔም ለዚሁ ሥራ ብዕራቸውን አዋሉ። ትናንት በትምህርት ቤት አዳራሽ የተለመደው መዝሙር ዛሬ ሕዝብን ማንቂያ ሆነ። ነገር ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን ያዘ። ትምህርት ቤቶቹ ፈረሱ፤ ከዚያ ትውልድ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ በጦር ሜዳና ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ አለቁ። መምህራቸው ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

በስደትም ሳሉ ብዕራቸውን አላስቀመጡም። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ አገራቸው ገቡ፤ የወረራውን ዘመን መከራና የወንድማማቾችን መለያየት በምሳሌ የሚያሳየው አፋጀሽኝ የተባለው ቴአትራቸውም ለሕዝብ ታየ። በ1939 ዓ.ም. ግን ገና በኀምሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከእኒህ ሰው ሕይወት መምህር የሚቀስመው ነገር ግልጽ ነው። ዮፍታሔ ሥራ የጀመሩት ቴአትር ቤት ተሠርቶ፣ ተዋናይ ሠልጥኖ፣ ገንዘብ ተመድቦ እስኪያልቅ ጠብቀው አይደለም። በእጃቸው የነበረው የሚያውቁት ቅኔ፣ በጎ ፈቃድ ያለው የሥራ ባልደረባና ድምፁን ገና ያልፈራ ልጅ ብቻ ነው። በክፍል ውስጥ ቃል ለመናገር የሚያፍር ተማሪ በመጋረጃ ፊት ቆሞ የሌላውን ሰው ሐዘንና ደስታ ሲናገር፣ ቋንቋውን ያጠራል፤ ከጓደኞቹ ጋር ተራውን ጠብቆ መሥራትን ይለምዳል፤ በሰው ፊት መቆምንም ይደፍራል። በዓመቱ መጨረሻ ለወላጆች በዓል ልጆቹን የሚያለማምድ መምህር ሁሉ፣ ድካሙ ከፈተና መዝገብ ባይገባለትም፣ በቀኝ ጌታ ዮፍታሔ መንገድ የሚሄድ ነው።