የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት፤ ከባርነት እስከ መምህርነት

በሰቲት ወንዝ አቅራቢያ ያለችው ወድ ኤል ሒለውና የገዳሪፍ አገር፥ ከኢትዮጵያ የወጣ ሕዝብ በየዘመኑ የተጠለለበት ምድር ነው። በ1984 እና በ1985 ረሃብና ጦርነት ያፈናቀለው፥ በ2020 መጨረሻም በሐምዳየት በኩል የተሻገረው ሕዝብ ልጆቹን አስከትሎ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚያስተምር ሰው ከፊደልና ከቁጥር አስቀድሞ የሚገጥመው አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ቤቱንና አገሩን ያጣ ልጅ ማን ነኝ ብሎ ሲጠይቅ ምን ይመለስለታል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ በቃል ሳይሆን በኑሮአቸው መልስ ከሰጡት ኢትዮጵያውያን አንዱ ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። እርሳቸውም በሱዳን በኩል አልፈው ወደ ወገናቸው ለመግባት የደከሙ ስለ ሆነ ታሪካቸው ለዚህ ድንበር እንግዳ አይደለም።

ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አቅራቢያ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ሂካ ሲሆን ትርጓሜውም በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። የአራት ዓመት ሕፃን ሳሉ አባታቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ በመበለት እናታቸው እጅ ሲያድጉ የባሪያ ነጋዴዎች ነጥቀው ወሰዷቸው። ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው እየተሸጡ ስምንት ጌቶች ከተፈራረቁባቸው በኋላ ምጽዋ ደረሱ። በዚያም በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የተባለው ስዊሳዊ ከባርነት ነጻ አውጥቶ በእምኩሉ ለነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጣቸው።

በእምኩሉ የተገኘው ልጅ ዘመድም ርስትም አልነበረውም። እናቱ ያለችበት አገር የብዙ ቀን መንገድ ይርቃል። ያለው ሀብት ትጋቱ ብቻ ነበረ። ትምህርቱን ፈጥኖ የሚቀበል ሆነና መጋቢት 31 ቀን 1872 በትንሣኤ በዓል ተጠምቆ ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ በፊልሞና መልእክቱ ያነሣው የባሪያው ሰው ስም ነው፤ በግሪክኛም ጠቃሚ ማለት ነው። እንግዲህ ወጣቱ ሁለት ስም ነበረው፤ አንዱ ተርጓሚ፥ ሁለተኛው ጠቃሚ። የቀረው ዕድሜው በሙሉ የእነዚህ የሁለቱ ስሞች ፍቺ ሆነ ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ከዚህ በኋላ ወደ ስዊድን ተልከው በዮሐነሉንድ ሴሚናሪ አምስት ዓመት ተማሩ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ትምህርት ያገኘ ኢትዮጵያዊ እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ በባሕር ዳርቻ በጸጥታ ለመኖር በቂ ምክንያት ነበራቸው። እርሳቸው ግን ወደተነጠቁበት አገር ተመልሰው ወገናቸውን ማገልገልን መረጡ። በ1881 ከጓደኞቻቸው ጋር በሱዳን በኩል ተጓዙ፤ ጥቁር ዓባይን ተከትለው እስከ ፋማካ ቢደርሱም መንገዱ ተዘጋባቸው። በንዳድ ታመው በሚያዝያ 1882 ወደ ካርቱም፥ ከዚያም ወደ እምኩሉ ተመለሱ። ቀጥሎም በታጁራ በኩል ሸዋ ድረስ ዘልቀው ነበር፤ ነገር ግን ወደ ኦሮሞ አገር ለማለፍ ፈቃድ ስላላገኙ በ1886 ዳግመኛ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተመለሱ።

እግራቸው ያልገባበት አገር መጽሐፍ ይገባበት ዘንድ ትርጉም ጀመሩ። ከዚህ ላይ ግን ታላቅ ችግር ገጠማቸው። ከአገራቸው በልጅነት ስለ ወጡ፥ ለቅዱሳት መጻሕፍት የሚበቃ የኦሮምኛ ቃል አልነበራቸውም። ባርነት ቤታቸውን ብቻ ሳይሆን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውንም ከፍሎ ወስዶባቸው ነበር። ይህንንም ጉድለት አልሸሸጉም። በ1886 ወደ ዓረብ አገር ከምትሄድ መርከብ ላይ ነጻ ወጥታ ወደ እምኩሉ የመጣች አስቴር ጋኖ የምትባል ልጃገረድ ነበረች። ቋንቋውን ጠንቅቃ ታውቅ ነበርና በአውሮፓ የተማሩት ሰው ከዚህች ከባርነት ከወጣች ልጅ ቃል ለመማር አላፈሩም። እርስዋ ቃላትን፥ ተረትንና ዘፈንን ሰበሰበች፤ እርሳቸውም ተረጐሙ። አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ። በ1894 ሁለቱ ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ ወጣ፤ በውስጡም የሕዝቡ ተረትና ግጥም ስላለበት ተማሪው በገዛ ቋንቋው ፊደል እንዲቆጥር ረዳው። መላው መጽሐፍ ቅዱስም በግዕዝ ፊደል ተጽፎ በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪስኮና ታተመ።

በ1904 ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ገቡ። ሰውየው ከተነጠቁ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው፤ እርሳቸውም ትምህርት ቤት ከፍተው ማስተማር ጀመሩ። ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ስላስተማሩ ተሰሚነታቸው በዛ፤ ከዚህም የተነሣ ከካህናት ጋር ተጋጩ። በ1906 በእምነት ነገር ተከሰው ከአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡና ከአገር እንዲወጡ ተፈረደባቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ፥ ሆኖም እንዳይሰብኩ አዘዙ። ትእዛዙ ለአንድ ሰባኪ መራራ ነው። እርሳቸው ግን ስብከት ሲከለከል ልጆችን ማስተማር ቀረላቸውና ከሕፃናት ጋር ፊደል ሲያስቈጥሩ ኖሩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቃድ እስኪሰጧቸው ድረስም በዚሁ ጸኑ። ሰኔ 21 ቀን 1931 በነቀምቴ ዐረፉ።

ከዚህ ሕይወት መምህራን የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ኦኔሲሞስ ማንነታቸውን ያገኙት ያጡትን ሁሉ መልሰው በመጨበጥ አይደለም፤ የልጅነታቸው ዘመን አልተመለሰም፥ የተሸጡበትም ዘመን አልተፋቀም። ያገኙት ራሳቸውን ለሌላው ጠቃሚ በማድረግ ነው። ክርስትናቸው ከባርነት ወጥተው ጌታ እንዲሆኑ ሳይሆን በፈቃዳቸው አገልጋይ እንዲሆኑ አስተማራቸው። እንዲሁም ቋንቋውን ያጣ ልጅ ቋንቋውን ሊያገኘው እንደሚችል፥ ለዚህም የተማረው ካልተማረው ለመጠየቅ ትሕትና እንደሚያስፈልገው በሥራ አሳዩ። በድንበር አጠገብ፥ በዳስ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ክፍል የሚከፍት መምህር ከፊቱ የተቀመጠውን ልጅ ሲያይ፥ ከእምኩሉው ልጅ የማይለይ ሊሆን እንደሚችል ያስብ። ያ ልጅ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ቃልና ተረትም እንደ ከንቱ ነገር አይናቅበት፤ የትምህርቱ መነሻ ያ ነውና።