ቶማስ ግራሃምና የጀሶው ውታፍ

ስለ ፊውል ሴል የሚጻፈው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዊልያም ግሮቭ ነው። ግሮቭ እ.ኤ.አ. በ1842 ሃይድሮጂንንና ኦክሲጂንን በፕላቲነምና በውሃ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ አማካይነት አገናኝቶ ኤሌክትሪክ ያመነጨ ሰው በመሆኑ ክብሩ የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ በመሣሪያው ውስጥ ጋዞቹ እንዴት እንደሚጓዙና እንደሚቀላቀሉ በስሌት ሊገልጽ የሚነሣ መሐንዲስ ዕዳው ይበልጥ ለሌላ ሰው ነው፤ ይኸውም በዚያው ዘመን በዚያችው በለንደን ይኖር ለነበረው ለቶማስ ግራሃም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግራሃም በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ ዲሴምበር 20 ቀን 1805 ተወለደ። የጨርቃ ጨርቅ አምራች የነበረው አባቱ ልጁ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንዲሆንለት ቆርጦ ነበር። ልጁ ግን በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ቶምሰን በሚያስተምረው ኬሚስትሪ ልቡ ተማረከ። አባትየው ይህን በተረዳ ጊዜ ድጋፉን አቋረጠበት፤ ግራሃምም እያስተማረ በሚያገኘው ገንዘብ ራሱን ችሎ ጥናቱን ቀጠለ። በ1830 በግላስጎ በአንደርሰን ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። ስሙን ያስጠራውን ሥራ የፈጸመውም በዚያው ሰሞን ነው።

መነሻው የተሰነጠቀ ብርጭቆ ነበር። ዶበራይነር የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት በ1823 ሃይድሮጂን የሞላበትንና በውሃ ላይ የተደፋን ስንጥቅ ዕቃ ሲመለከት፣ ጋዙ በስንጥቁ እያመለጠ ውሃው በዕቃው ውስጥ ከፍ ማለቱን አስተዋለ። ግራሃም ይህን እንደ ተራ አጋጣሚ አላለፈውም። የብርጭቆ ቱቦ ወስዶ አንዱን አፍ በጀሶ ደፈነው፤ ሲደርቅ በዐይን የማይታዩ ቀዳዳዎች የሚኖሩትን ይህንኑ ግድግዳ የምንለስንበትን ጀሶ ማለት ነው። ቱቦውን በጋዝ ሞልቶ ሌላውን አፍ በውሃ ውስጥ ዘፈቀው። ከዚያም የወጣውን ጋዝና በምትኩ የገባውን አየር ለካ።

ውጤቱ ግልጽ ሆኖ ወጣ። አንድ እጅ አየር ሲገባ 3.8 እጅ ያህል ሃይድሮጂን ይወጣል። ጋዞች በዚህ ዓይነት ቦታ ሲለዋወጡ የፍሰታቸው መጠን ከእፍጋታቸው ዳግም ዘር ጋር የተገላቢጦሽ ዝምድና አለው።

የሙከራው ጥበብ ያለው ግን ብዙዎች ሳያስተውሉት በሚያልፉት ነገር ላይ ይመስለኛል። ሃይድሮጂን ሲያመልጥ ውሃው ወደ ቱቦው ስለሚወጣ ግፊቱ ይዛባል። ግራሃም ቱቦውን ከፍና ዝቅ እያደረገ የውስጡና የውጭው ውሃ እኩል እንዲሆን ይጠነቀቅ ነበር። ሕጉ የሚሠራው ግፊቱ በሁለቱም ወገን እኩል ሲሆን ብቻ ነው።

ከጊዜ በኋላ ይህ ሁኔታ ተዘነጋ። የመማሪያ መጻሕፍት ሕጉን ጋዝ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ባዶ ቦታ ከሚሾልክበት ክስተት ጋር ብቻ አያያዙት፤ የጀሶው ሙከራ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ በእርሱ ሁለቱ ጋዞች በተቃራኒ አቅጣጫ እየተላለፉ ይጓዛሉ። ብዙ ሰዎችም ሁለት ጋዞች ምንጊዜም እኩል በእኩል ይለዋወጣሉ ብለው አሰቡ። ይህ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ እውነት ነው፤ ክፍት በሆነ ነዳላ አካል ውስጥ ግን አይደለም። በ1950ዎቹ ሆግሻገን የተባለ የኔዘርላንድ ተመራማሪ የግራሃምን ዝምድና በሙከራ እንደገና አገኘው። በ1961 ደግሞ ሜሰንና ባልደረቦቹ የነዳላውን አካል ጠጣር ክፍል እንደ ግዙፍና የማይንቀሳቀሱ የአቧራ ሞለኪውሎች የሚቆጥረውን ሞዴል አቀረቡ።

ለፊውል ሴል የሚኖረውን ትርጉም በምሳሌ እንመልከት። በጠጣር ኦክሳይድ ፊውል ሴል ሃይድሮጂን በነዳላው ኤሌክትሮድ ውስጥ ገብቶ በኬሚካዊው ለውጥ የውሃ እንፋሎት ሆኖ ይመለሳል። የሞለኪውሎቹ ክብደት 2 እና 18 ስለሆነ ዝምድናቸው 9፣ ዳግም ዘሩም 3 ነው። ግፊቱ እኩል ቢሆን ኖሮ ለአንድ የእንፋሎት ሞለኪውል ሦስት የሃይድሮጂን ሞለኪውሎች በገቡ ነበር። ኬሚካዊው ለውጥ ግን አንድ ለአንድ ብቻ ይፈቅዳል። ስለዚህ ጋዝ በውስጥ ይጠራቀማል፤ ግፊቱም ከፍ ይልና ትርፉን ወደ ውጭ ይገፋል። ቀዳዳዎቹ ሰፊ ሲሆኑ ይህ ግፊት ኢምንት ነው፤ ሲጠብቡ ግን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። እንግዲህ የአንድ ለአንድ ልውውጥንና እኩል ግፊትን በአንድነት የሚያስገባ ሞዴል ራሱን በራሱ ይቃረናል፤ ስሌቱ በኮምፒዩተር የቱንም ያህል በረቀቀ መንገድ ቢሠራ ከዚህ አያመልጥም።

ግራሃም በ1837 ወደ ለንደን ተዛውሮ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አስተማረ፤ በ1841 የተቋቋመው የለንደን የኬሚስትሪ ማኅበርም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1855 ኒውተን በአንድ ወቅት ይዞት የነበረው የብሪታንያ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ኃላፊነት ተሰጠው። የቢሮው ሥራ ከምርምሩ ፈጽሞ አልለየውም፤ በ1861 ኮሎይድ የሚለውን ቃል ለሳይንስ ያበረከተው፣ ፓላዲየም የተባለው ብረት ከራሱ ይዘት በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ ሃይድሮጂን እንደሚውጥ ያሳየውም በዚያ ሥልጣን ላይ ሳለ ነው።

ሴፕቴምበር 16 ቀን 1869 በለንደን ሞተ። የማተሚያ ቤቱም ኃላፊነት ከእርሱ በኋላ ራሱን የቻለ ሹመት መሆኑ ቀርቶ በ1870 ለገንዘብ ሚኒስትሩ ተደርቦ ተሰጠ። ሐውልትም በግላስጎ በጆርጅ አደባባይ ቆመለት።