ጄኔራል ደጎል እና ልጃቸው አን

በፒያሳ ያለው ደጎል አደባባይ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዩ መሪ ከጄኔራል ሻርል ደጎል ነው። እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1966 አገራችንን ጎብኝተዋል። ስለ ጦር ሜዳ ውሏቸውና ስለ መሪነታቸው ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ዛሬ የማነሳላችሁ አባትነታቸውን ነው።

ደጎል በ1890 ሊል በተባለች የፈረንሳይ ከተማ ተወለዱ። በ1921 ወይዘሮ ኢቮንን አግብተው ፊሊፕንና ኤልሳቤጥን ወለዱ። ሦስተኛዋ ልጃቸው አን የተወለደችው በጥር 1928 ሲሆን፣ ዳውን ሲንድረም ነበረባት።

በዚያ ዘመን በአውሮፓም እንዲህ ያለ ልጅ የተወለደበት ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ልጁን ከሰው ዓይን ይሰውር ወይም ለማሳደጊያ ተቋም ይሰጥ ነበር። ደጎልና ባለቤታቸው ግን አንን ከጉያቸው አልለዩአትም። አባት ለሥራ ወደ ቤይሩት ሲዛወሩ አብራ ሄደች። በ1934 ኮሎምቤ በተባለ የገጠር መንደር ቤት ሲገዙ ለእሷ የሚሆን ጸጥታ ያለው ስፍራ አገኙ። በ1940 ጀርመን ፈረንሳይን ስትወር እናት ልጆቹን ሁሉ ይዘው በመርከብ ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ፤ አንም አልቀረችም። በሰው ፊት ኮስታራ የነበሩት ጄኔራል፣ ማታ ቤት ሲገቡ እሷን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይዘፍኑላትና ያጫውቷት ነበር።

እናትን ግን አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳቸው ነበር፤ እኛ ስናልፍ ማን ያያታል? ስለዚህ ከጦርነቱ በኋላ ባልና ሚስት በቬርሳይ አቅራቢያ ሰፊ ቤት ገዝተው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሴቶች ልጆች መኖሪያ የሚሆን ድርጅት በአን ስም አቋቋሙ። ጄኔራሉ ከመጽሐፎቻቸው ካገኙት ገቢም ለዚሁ ሰጡ። አን ግን ቀደመቻቸው፤ በየካቲት 1948 በሳንባ ምች በ20 ዓመቷ አረፈች። ድርጅቱ ዛሬም አለ።

ወላጆቿ ምክንያቱን ሳያውቁ ነበር ያሳደጓት። መልሱ የተገኘው ደጎል ፕሬዚዳንት በሆኑበት በ1959 መጀመሪያ፣ እዚያው ፓሪስ ነው። ሬይሞን ቱርፓን፣ ማርት ጎቲዬ የተባለች ሴት ሐኪም እና ዤሮም ለዠን፣ በእነዚህ ልጆች ሴል ውስጥ እንደ ሌላው ሰው 46 ሳይሆን 47 ክሮሞዞም እንዳለ አሳዩ። ትርፉ 21ኛው ክሮሞዞም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሆነው የእናት እንቁላል ወይም የአባት ዘር ሲፈጠር ክሮሞዞሞቹ በትክክል ሳይከፋፈሉ ሲቀሩ ነው። የእናት ዕድሜ ሲገፋ አጋጣሚው ይጨምራል፤ በወጣት እናቶችም ላይ ግን ይደርሳል። እርግማን አይደለም፤ የእናት ጥፋትም አይደለም።

ደጎል በ1970 ሲያርፉ በኮሎምቤ መቃብር ከአን ጎን ተቀበሩ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ወይዘሮ ኢቮንም ተከተሏቸው።

እህቶቼ፣ በየሰፈራችን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባ ልጅ አለ። እናቱም ሐሜት ፈርታ ከዕድር፣ ከማኅበር ትቀራለች። የአገር መሪ ያላፈረባትን ልጅ እኛ የምናፍርበት ምክንያት የለም። ያቺን እናት ከነልጇ ወደ ስብሰባችን እንጥራት። እኛ ስናልፍ ማን ያየዋል የሚለውን ጥያቄም ብቻዋን አትሸከመው፤ ማኅበር የተቋቋመው ለዚህ ነውና።