ኡሙ አይመን፦ በመካ ሕፃን ያሳደጉት ሐበሻዊት እናት

ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) በሚል መጠሪያ የሚታወቁት በረካ ቢንት ሠዕለባ ትውልዳቸው ከሐበሻ ምድር፣ ኑሯቸው ደግሞ በመካ ነበር። ስማቸው በታሪክ የተጻፈው ከሁሉ በፊት በሞግዚትነታቸው ነው። ሕፃን ማቀፍ፣ ማጠብ፣ ማብላትና ማስተኛት የዕለት ተዕለት ሥራቸው ነበር። ልጇ ልብሷን ባበላሸባት ቁጥር ስለ ሶላቷ የምትጨነቅ የዛሬ እናት ከእኚህ ሴት ሕይወት የምታገኘው ትምህርት ብዙ ነው።

በረካ በወጣትነታቸው በዐብዱላህ ኢብኑ ዐብዱልሙጠሊብ ቤት በባርነት ያገለግሉ ነበር። ዐብዱላህ ልጃቸውን ሳያዩ አረፉ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እ.ኤ.አ. በ570 ገደማ፣ የዝሆን ዓመት በሚባለው ዘመን፣ በመካ ተወለዱ። በጊዜው የቁረይሽ ሰዎች ሕፃናትን ለገጠር አጥቢዎች መስጠት ልማዳቸው ስለነበር፣ እርሳቸውም የመጀመሪያ ዓመታታቸውን በበኒ ሰዕድ ጎሣ በሐሊማ ዘንድ አሳለፉ። ወደ እናታቸው ወደ አሚና ቤት ሲመለሱ የሚንከባከቧቸው በረካ ነበሩ።

ሕፃኑ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው አሚና ዘመድ ለመጠየቅ ወደ የሥሪብ፣ ማለትም ወደ ኋላኛዋ መዲና፣ ይዘዋቸው ሄዱ። በረካም አብረው ነበሩ። ሲመለሱ አሚና በመንገድ ታመው አብዋእ በተባለች ስፍራ አረፉ። አባቱን ሳያይ የተወለደውን፣ እናቱንም በመንገድ ያጣውን ሕፃን በረሃውን አሻግረው መካ ያደረሱትና ለአያቱ ለዐብዱልሙጠሊብ ያስረከቡት በረካ ናቸው። ከዚያም በኋላ አልተለዩትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካደጉ በኋላ ኡሙ አይመንን ከእናታቸው ቀጥለው እንደ እናት የሚያዩአቸው መሆኑን ይናገሩ እንደነበር ተዘግቧል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኸዲጃን (ረ.ዐ) ሲያገቡ በረካን ነፃ አወጧቸው። በረካ መጀመሪያ ዑበይድ የተባለ ሰው አግብተው አይመንን ወለዱ፤ ኡሙ አይመን የተባሉትም በዚህ ልጃቸው ነው። በኋላም ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳን (ረ.ዐ) አግብተው በመካ ኡሳማን ወለዱ።

በቲርሚዚ የሐዲስ ስብስብ እንደተዘገበው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀን የኡሳማን ንፍጥ ለመጥረግ ሲነሡ ዓኢሻ (ረ.ዐ) እኔ ላድርገው ብለው ጠየቁ። ነቢዩም ልጁን እርሳቸው እንደሚወዱት እርሷም እንድትወደው አሳሰቧት። ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ደግሞ ኡሳማ ከበሩ መድረክ ላይ ተደናቅፎ ፊቱ ቆሰለ። ዓኢሻ ደሙን ለማስወገድ ሲጸየፉ ነቢዩ ራሳቸው አስወገዱለት። ኡሙ አይመን በልጅነታቸው ያጠቧቸው ሰው፣ በተራቸው የኡሙ አይመንን ልጅ ፊት አጸዱ ማለት ነው።

ከመጀመሪያዎቹ አማኞች አንዷ የሆኑት ኡሙ ቀይስ ቢንት ሚሕሰን (ረ.ዐ) ገና ምግብ ያልጀመረ ወንድ ልጃቸውን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይዘው መጡ። ሕፃኑ ጭናቸው ላይ እንደተቀመጠ ልብሳቸው ላይ ሸና። ነቢዩ አልተቆጡም፤ እናቱንም አላሳፈሩም። ውሃ አስመጥተው የነካውን ስፍራ ረጩበት፤ ልብሱን አላጠቡትም። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የልጅ ልጃቸውን ኡማማንም ተሸክመው ይሰግዱ ነበር፤ ሲሰግዱ ያስቀምጧታል፣ ሲነሡ ያነሷታል።

የፊቅህ ሊቃውንት ከእነዚህ ዘገባዎች ተነሥተው ሕጉን አብራርተዋል። በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀብ ከወተት በቀር ምግብ ያልጀመረ ወንድ ሕፃን ሽንት የነካው ልብስ ውሃ ሲረጭበት ይጠራል፤ የሴት ሕፃን ሽንት ግን ይታጠባል። በሐነፊና በማሊኪ መዝሀብ የሁለቱም ይታጠባል። ምግብ ከጀመሩ በኋላ የሁለቱም መታጠብ አለበት። መዝሀቦቹ በዝርዝሩ ቢለያዩም ነጃሳው መፍትሔ ያለው፣ መፍትሔውም ውሃ መሆኑ ላይ ይስማማሉ።

ይህ ነገር ለአንባቢዎቻችን ቅርብ ነው። ከጅዳ ተነሥተው 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው መካ ለዑምራ የሚገቡ እናቶች ሕፃናትን በአንቀልባ አዝለው፣ በጋሪ እየገፉ ይመጣሉ። ዳይፐር ያፈሳል፣ ሕፃን ያቀረሻል፣ ለመሄድ የጀመረው ልጅም ሰው መሐል ይሸናል። እናት ያን ጊዜ የምታፍረው ሰው አየኝ ብላ ነው፤ የምትጨነቀው ደግሞ ሶላቴ ተበላሸ ብላ ነው። ተለዋጭ ልብስና ውሃ መያዝ፣ ወደ ሐረም ከመግባት በፊት ልጁን ማጽዳት፣ ዳይፐር ከቀየሩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ለልጁም ለሌላው ሰጋጅም ጥንቃቄ ነው። ከዚህ አልፎ ልብስን አሥር ጊዜ ማጠብም ሆነ በልጅ ምክንያት ከመስጊድ መቅረት የታዘዘ አይደለም።

ኡሙ አይመን ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላም አገልግሎታቸውን አላቋረጡም። በኡሑድ ዘመቻ ለተጠሙት ውሃ አቀረቡ፣ ቁስለኞችንም ተንከባከቡ። በስምንተኛው ዓመተ ሒጅራ ባላቸው ዘይድ በሙእታ፣ ልጃቸው አይመን ደግሞ በሑነይን ወደቁ። በአሥራ አንደኛው ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ632፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገና ሃያ ዓመት ያልሞላውን ኡሳማን ታላላቅ ሶሓቦች ያሉበት ጦር አዛዥ አድርገው ሾሙት። ንፍጡ የተጠረገለት ልጅ ለዚያ ማዕረግ በቃ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካረፉ በኋላ አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ) እርሳቸው ያደርጉት እንደነበረው ኡሙ አይመንን ሊጠይቁ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ኡሙ አይመን አለቀሱ። የሚያለቅሱት አላህ ዘንድ ያለው ለነቢዩ የተሻለ መሆኑን ስለማያውቁ ሳይሆን፣ ከሰማይ ይወርድ የነበረው ወሕይ ስለተቋረጠ እንደሆነ ነገሯቸው። ሁለቱም አብረዋቸው አለቀሱ።

የሙስሊሙን ማኅበረሰብ የመሩት ሁለቱ ሰዎች በዚያ ቀን በክብር የጠየቋት ሴት፣ በወጣትነቷ የሰው ልጅ ስታጥብና ስታሳድግ የኖረች ሐበሻዊት ነበረች። በጅዳና በመካ ቤቶች ዛሬም የራሳቸውን ወይም የሰው ልጅ የሚያሳድጉ፣ ልብሳቸው በወተትና በሽንት የሚረጥብ እህቶች አሉ። ሥራቸው ሊያሳፍራቸው አይገባም፤ በዚህ ሥራ የከበረች እናት ከእነርሱ በፊት በዚያው ከተማ ኖራለች።