መምህሩ ሮውላንድ ሂልና የኮሚቴ ምርጫ

የሮውላንድ ሂል ስም ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው በ1840 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በእንግሊዝ አገር የወጣውን የመጀመሪያውን የፖስታ ቴምብር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሰው ወደ ፖስታ ሥራ ከመግባቱ በፊት ብዙ ዓመት ያስተማረ መምህር እንደ ነበረ፥ ከአባቱም ትምህርት ቤት አንድ ትልቅ የምርጫ ሐሳብ እንደ ወረሰ የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ሂል በ1795 በኪደርሚንስተር ተወለደ። አባቱ ቶማስ ራይት ሂል በበርሚንግሃም ከተማ ትምህርት ቤት ያስተዳድር ስለ ነበረ፥ ልጁ ገና በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ ማስተማር ጀመረ። በ1819 ትምህርት ቤቱ ሮውላንድ ራሱ ንድፉን ወዳወጣለት ወደ ሄዝልውድ ሕንፃ ተዛወረ። በዚያም ዱላ ቀርቶ ተማሪዎቹ በመረጡት ኮሚቴ ይተዳደሩ፥ ጥፋተኛውንም በራሳቸው ችሎት ይዳኙ ነበር፤ በዘመኑ ይህ እንደ ድፍረት የሚቈጠር ነገር ነው።

አባትየው ልጆቹን ኮሚቴ ሲያስመርጥ እያንዳንዱ በሚወደው ልጅ አጠገብ እንዲቆም ያደርግ ነበር ይባላል። ከሚበቃው በላይ ደጋፊ የተሰበሰበለት ትርፎቹን ወደ ሌላ ይሰዳል፤ ጥቂት ብቻ የቆሙለት እንደሆነም ደጋፊዎቹ ትተውት ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይሄዳሉ። ቶማስ ይህንኑ ሐሳብ በ1819 ለበርሚንግሃም የሥነ ጽሑፍና የሳይንስ ማሻሻያ ማኅበር በደንብ መልክ ጻፈው፤ አምስት አባሎች የተስማሙበት ሰው የኮሚቴ አባል ይሆናል።

ነገሩን በቍጥር እንየው። 50 አባሎች 10 ሰው ይመርጣሉ እንበል። እያንዳንዱ መራጭ ዐሥር ስም ቢጽፍ 26ቱ ተስማምተው ዐሥሩንም ወንበር ይወስዳሉ፤ 24ቱ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ይገባሉ። በየአምስቱ አንድ ሰው የሚመረጥ ቢሆን ግን 26ቱ አምስት፥ 24ቱ አራት ያገኛሉ፤ ዐሥረኛውንም ከዚህ የተረፈው አንዱና ከዚያ የተረፉት አራቱ ተስማምተው ይመርጡታል። በማኅበር ስብሰባ ተቀምጦ እጅ ሲቈጠር ያየ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት አይቸገርም።

ሮውላንድ የደቡብ አውስትራሊያ ቅኝ ግዛት ኮሚሽን ጸሐፊ ሆኖ በሠራ ጊዜ ሐሳቡን ለዚያ አገር አቀረበ። በ1840 በአዴሌድ ማዘጋጃ ቤት ምርጫ፥ ምክር ቤቱ 19 አባላት ስለ ነበሩት፥ ከመራጮቹ 19ኛው እጅ በአንድ ሰው ላይ ከተስማማ ያንን ሰው እንዲልክ ተፈቀደለት። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ዕዳ በዝቶበት በ1843 ፈረሰ፤ ደንቡም አብሮ ቀረ። በእኔ አስተያየት ጉድለቱ የሐሳቡ ሳይሆን የአሠራሩ ነው፤ መራጮች አስቀድመው ተፈላልገው በግልጽ መሰብሰብ ነበረባቸውና። ይህን ችግር ያቃለሉት ኋላ በዴንማርክ ካርል አንድሬ በ1855፥ በእንግሊዝም ቶማስ ሄር በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ፥ መራጩ ስሞቹን በወረቀት ላይ በቅደም ተከተል እንዲያመለክት በማድረግ ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሂል በፖስታ ጉዳይ ተጠምዶ ነበር። በ1842 ከሥራው ቢሰናበትም በ1846 ተመለሰ፤ ከ1854 እስከ 1864 የፖስታ ቤቱ ዋና ጸሐፊ ሆኖ አገለገለ። በ1879 ሞቶ በዌስትሚንስተር ገዳም ተቀበረ።