ሃራልድ ስቬርድሩፕና የጸደይ አልጌ

በሰሜን አውሮፓ የብርዱ ወራት አልፎ ጸደይ ሲገባ፥ ይኸውም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፥ የሐይቁና የባሕሩ ውኃ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መልኩን ይለውጣል። አልጌ የተባሉት ደቃቅ የውኃ ዕፀዋት ባንድ ጊዜ ይበዙና ጥርት ብሎ የከረመው ውኃ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ይሆናል። ትንንሾቹ የውኃ እንስሳት ይህን በልተው ይኖራሉ፤ እነርሱን ደግሞ ዓሦች ይበሏቸዋል። ታዲያ ቀኑን የሚቆርጠው ምንድን ነው? ፀሐይ ናት ብሎ መመለስ ይቀላል። ኖርዌያዊው ሃራልድ ስቬርድሩፕ ግን ፀሐይ ብቻዋን እንደማትበቃ በሒሳብ አሳየ።

ስቬርድሩፕ በ1888 ዓ.ም. በሶግንዳል ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከታወቀው የአየር ጠባይ ሊቅ ከቪልሄልም ብየርክነስ ዘንድ ሲማር ቆይቶ፥ በ1918 ከአሳሹ ከሮአልድ አሙንድሰን ጋር ሞድ በተባለች መርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ በረዶ ተጓዘ። አሳቡ መርከቢቱ በበረዶ ተይዛ እየተንሳፈፈች ዋልታውን እንድታቋርጥ ነበር፤ ነገር ግን አልሆነም። አሙንድሰን በ1922 ትቷት ሲሄድ፥ ስቬርድሩፕ የሳይንሱን ሥራ እንደ ያዘ ጉዞው እስከሚያበቃበት እስከ 1925 ጸና። በመካከሉም ሳይቤሪያ ውስጥ አጋዘን ከሚያረቡት ከቹክቺ ሰዎች ጋር ስምንት ወር ያህል ኖሯል። እኔን ከጉዞው ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ባሕር ሊመረምር የሄደ ሰው የዘላኖችን ኑሮ አጥንቶ መጽሐፍ ጻፈላቸው።

ከ1936 እስከ 1948 በካሊፎርኒያ የስክሪፕስ የውቅያኖስ ምርምር ተቋም ዲሬክተር ነበረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ከተማሪው ከዎልተር መንክ ጋር፥ ወታደር ወደ ጠረፍ በሚወርድበት ቀን ማዕበሉ ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድሞ የሚታወቅበትን ስሌት አወጣ። ከዚያ ወደ አገሩ ተመልሶ የኖርዌይን የዋልታ ተቋም ሲመራ፥ በ1953 ስለ ጸደይ አልጌ ጥቂት ገጽ ብቻ ያለው ጽሑፍ አሳተመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አልጌ ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ብርሃን ደግሞ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ፈጥኖ ይደክማል። በብርዱ ወራት ነፋሱና ቅዝቃዜው ውኃውን እስከ ጥልቁ ስለሚያማስሉት፥ አልጌው አብሮ እየወረደ አብዛኛውን ጊዜ በጨለማ ያሳልፋል። ቀን ብቻ ነግዶ ቀንና ሌሊት የሚበላ ነጋዴን ይመስላል። ውኃው የሚማሰለው ከተወሰነ ጥልቀት በታች ከሆነ ወጪው ከገቢው ይበልጣል፤ ከዚያ በላይ ከቀረ ግን ትርፍ ይገኛል። ስቬርድሩፕ ይህን ወሰን ወሳኝ ጥልቀት አለው። ጸደይ ሲመጣ ፀሐይዋ ስለምትበረታ ወሳኙ ጥልቀት ወደ ታች ይወርዳል፤ ላይኛው ውኃ ሞቆ ስለሚቀልም መማሰሉ ወደ ላይ ያጥራል። ሁለቱ በተላለፉ ጊዜ አልጌው ይበዛል። አሳቡን ግራንና ብሮሩድ የተባሉ የአገሩ ሰዎች በ1935 አንሥተውት ነበር፤ እርሱ ግን በስሌት አጸናው፤ በ1949 በኖርዌይ ባሕር ላይ ከቆመች የአየር ጠባይ መርከብ በተገኘው ልክም አመሳከረው።

ጽሑፉ የባሕር ቢሆንም የሐይቅ አጥኚዎችም ወሰዱት። 250 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው በኮንስታንስ ሐይቅ አልጌው የውኃውን መርጋት ይጠብቃል። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ግን ወለሉ ራሱ መማሰሉን ስለሚያግደው የሚጠበቀው ብርሃን ነው።

ስቬርድሩፕ በ1957 በኦስሎ አረፈ። በ2010 ማይክል ቤረንፌልድ የተባለ አሜሪካዊ በሳተላይት የተገኘውን መረጃ ይዞ ተቃወመው፤ በሰሜን አትላንቲክ አልጌው መጨመር የሚጀምረው በብርዱ ወራት መካከል ነው፥ ምክንያቱም ውኃው በጥልቀት ሲማሰል በሊታዎቹ እንስሳት ይበታተናሉ አለ። በእኔ አስተያየት ይህ የስቬርድሩፕን ስሌት አያፈርሰውም። እርሱ የአልጌውን ወጪ ሁልጊዜ አንድ ልክ አድርጎ ነበር የያዘው፤ እንዲህ ማድረጉንም አልሸሸገም።

ቀኑን ማወቁ ለምን እንደሚጠቅም ሲያትል ከተማ አጠገብ ባለው በዋሽንግተን ሐይቅ ታይቷል። ከ1962 እስከ 2002 ባለው ጊዜ ሐይቁ ፈጥኖ እየሞቀ ስለ መጣ፥ የጸደዩ አልጌ ወደ 20 ቀን ገደማ ቀድሞ መድረስ ጀመረ። አልጌውን የምትበላው ዳፍኒያ የተባለች ደቃቅ እንስሳ ግን ቀኗን አልለወጠችም፤ ቁጥሯም እየቀነሰ ሄደ።