ኢጎን ኦሮዋን፦ ከዚንክ ክሪስታል እስከ ናኖ ንብርብር

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የብረታ ብረት ጥናት አንድ ያልተፈታ እንቆቅልሽ ነበረበት። ከአተሞች ትስስር የሚሰላው የክሪስታል ጥንካሬ በሙከራ ከሚለካው ብዙ ጊዜ ከሺህ እጥፍ በላይ ይልቅ ነበር። እንቆቅልሹን ከፈቱት ሊቃውንት አንዱ ኢጎን ኦሮዋን ናቸው።

ኦሮዋን በ1902 እ.ኤ.አ. በቡዳፔስት ተወለዱ። በርሊን በተማሩበት ወቅት ከምህንድስና ወደ ፊዚክስ ተሸጋገሩ፤ የዚንክ ክሪስታልም ሲሳብ በዝግታ ሳይሆን በድንገተኛ ዝላይ እንደሚረዝም አስተዋሉ። ወደ ሀገራቸው ተመልሰው ቋሚ ሥራ ባጡባቸው ዓመታት ምክንያቱን ሲያሰላስሉ ቆዩ። በ1934 የአተሞች ረድፍ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ዲስሎኬሽን በተባለ መስመራዊ ጉድለት አማካኝነት በየተራ እንደሚንሸራተት አብራሩ። ሚካኤል ፖላኒ በጀርመንኛ፣ ጄፍሪ ቴይለር በእንግሊዝኛ ያንኑ ሐሳብ ያሳተሙት በዚያው ዓመት ነው።

ኦሮዋን በ1937 ወደ በርሚንግሃም፣ በ1939 ወደ ካምብሪጅ ተሻገሩ። በ1948 ደግሞ ዲስሎኬሽን በሁለት ጠንካራ ቅንጣቶች መካከል እንደ ቀስት ተለጥጦ ለማለፍ የሚያስፈልገው ውጥረት ቅንጣቶቹ በተቀራረቡ ቁጥር እንደሚጨምር አሳዩ። በ1950 ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተዛውረው፣ በ1989 በዚያው አገር አረፉ።

ይህ ሐሳብ ዛሬ በናኖ ንብርብር ብረቶች ጥናት መሠረት ሆኗል። እንደ መዳብና ናዮቢየም ባሉ ንብርብሮች፣ ውፍረቱ ከመቶ ናኖሜትር በእጅጉ ሲበልጥ ዲስሎኬሽኖች በወሰኑ ላይ ተደራርበው ይከማቻሉ፤ ጥንካሬውም ከውፍረቱ ካሬ ሥር ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ውፍረቱ ወደ አሥር ናኖሜትሮች ሲወርድ ግን ለክምችት ቦታ አይኖርም። አንዱ ዲስሎኬሽን በሁለት ወሰኖች መካከል ታጥሮ፣ ኦሮዋን እንዳሰሉት ተለጥጦ ይንሸራተታል። በዚህ ጊዜ የንብርብሩ ውፍረት የቅንጣቶቹን ርቀት ቦታ ይይዛል፤ የሎጋሪዝም እርማት ቢኖርም ውፍረቱ ባነሰ ቁጥር ጥንካሬው ይጨምራል። የመዳብና የናዮቢየም ንብርብር በዚህ መንገድ ከ2 ጊጋፓስካል በላይ ይደርሳል።

ሕጉ ግን ወሰን አለው። ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ሲሆን ዲስሎኬሽኑ ወሰኑን ራሱን ጥሶ ያልፋል፤ የጥንካሬው ዕድገትም ይቆማል፣ አንዳንዴም ያሽቆለቁላል። ስለዚህ የናኖ ንብርብርን የሚቀርጽ ተመራማሪ ውፍረቱን ከመቀነሱ በፊት ዲስሎኬሽኑ በየትኛው መንገድ እንደሚጓዝ መለየት ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ የሚወስነው የወሰኑ ጠባይ እንጂ የንብርብሩ ስስነት አይደለም።